ለጓሮዋ ዘማሪ ወፍ ምን ይሻላል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ግቢዎች የምርጫ መመሪያ

ግቢውን ለወፎች ምቹ ማድረግ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፓ የመጣና ብላክበርድ ስለምትባለው ወፍ የተጻፈ ነው። ወንዱ ድፍን ጥቁር፣ ምንቃሩና የዓይኑ ዙሪያ ብርቱካንማ ቢጫ ነው፤ ሴቷ ቡናማ ናት። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በአብዛኛው የጫካ ወፍ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ነው ከተማ ገብታ የአትክልት ቦታ ወፍ የሆነችው። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1962 በጋዜጣ በተካሄደ ምርጫ ብሔራዊ ወፋቸው አድርገዋታል። ስለ እሷ የሚጻፈው ምክር ታዲያ በረዶን የሚያስብ ነው፦ ፖም ቆርጠው ያስቀምጡላት፣ ሞራ ይስቀሉላት፣ የደረቀ ትል ይግዙላት።

ለአገሩ ጥሩ ምክር ነው። እንዳለ ወደ ደሴ ቢመጣ ግን ብር ይጨርሳል እንጂ ወፏን እምብዛም አይጠቅማትም።

ብላክበርድ ኢትዮጵያ ውስጥ የለችም። ትረሽ የሚባሉት ዘመዶቿ ግን በየግቢያችን አሉ፤ አመጋገባቸውም፣ ጎጆ አሠራራቸውም፣ ማለዳ ላይ መዘመር መውደዳቸውም ከእሷ ጋር ይመሳሰላል። የሚለያዩት በሚቸግራቸው ነገር ነው። አውሮፓ ላይ ምግቡን ከወፏ የሚሸሽገው በረዶ ነው። እዚህ የሚሸሽገው ደረቅ አፈር ነው፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጋው እየገፋ ሲሄድ መሬቱ ይጠነክራል፣ የመሬት ትሉም ጠልቆ ይገባል። በልጉ ከጣለ አፈሩ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ከቀረ ወይም ከዘገየ፣ ይህም ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፣ ድርቀቱ እስከ ሰኔ ይዘልቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ጥር ወር ላይ ግቢው ውስጥ ምንቃር የሚበሳው ለስላሳ አፈር እንዲኖር ያደርጋል ወይ?

ግቢዎ የሚመጣው የትኛው ወፍ ነው?

ጥቁር የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም። ቁራን ማንም ያውቀዋል። በቡድን እየተጯጯኸ ገደል አፋፍና ሕንፃ ላይ የሚያርፈው፣ ሲበር ክንፉ ላይ ቀላ ያለ ቀለም የሚታይበት ጥቁር ወፍ ቀይ ክንፍ ስታርሊንግ ነው፤ ጎጆውን በድንጋይ ስንጥቅና በጣሪያ ሥር ስለሚሠራ ከእርስዎ ቁጥቋጦ የሚፈልገው ፍሬውን ብቻ ነው። አበባ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታየው፣ ከሩቅ ጥቁር መስሎ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊና አረንጓዴ የሚያንጸባርቀው ባለ ረጅም ጭራ ትንሽ ወፍ ደግሞ የተከዜ ሰንበርድ ወንዱ ነው።

እኛ የምንነጋገርባት ወፍ ከእነዚህ ይልቅ ደብዘዝ ያለች ናት። የአቢሲኒያ ትረሽ ጀርባዋ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ጎኗ ብርቱካንማ፣ ምንቃሯም ብርቱካንማ ነው። ከቀለሟ በላይ የሚያሳብቅባት አካሄዷ ነው። መሬት ላይ ጥቂት እርምጃ ሮጥ ትልና ድንገት ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አፈሩን በአንድ ዓይኗ ታያለች፤ ከዚያ ምንቃሯን ሰክታ፣ እግሯን አጽንታ ወደ ኋላ ትጎትታለች፣ ትሉም እየተለጠጠ ይወጣል። ትል ካጣች ቅጠሉን በምንቃሯ እያነሳች ወደ ጎን ትወረውራለች። ጠዋት የሰበሰቡት ቅጠል ከሰዓት በኋላ ተበትኖ ካገኙት ሁልጊዜ ዶሮን አይክሰሱ።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። የሐረጎን ጠመዝማዛ የወረደ ሰው በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ካፖርቱን እንደሚያወልቅ ሁሉ ወፎቹም ይለወጣሉ። የአቢሲኒያ ትረሽ የደጋ ወፍ ስለሆነች ደሴ ቤቷ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ የአፍሪካ ትረሽ የምትባለውን እህቷን የማየት ዕድልዎ ይጨምራል፤ እሷ ፈዘዝ ያለች ግራጫማ ናት፣ ምንቃሯም ወደ ቢጫነት ያደላል። ለሁለቱም የሚያስፈልገው አንድ ስለሆነ ማንነታቸውን ሳይለዩም ሥራውን መጀመር ይችላሉ። ደረቷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት፣ ሜዳ ላይ ደረቷን ነፍታ የምትቆመው ሦስተኛዋ ዘመዳቸው ግን ገላጣ የሣር መሬት ትወዳለች፤ በቁጥቋጦ የተሞላ ጠባብ ግቢ አይማርካትም።

አጥሩ፦ ትልቁ ውሳኔ

ቆርቆሮና ግንብ ለወፍ ምንም አይሰጡም። አፍርሷቸው አልልም፤ ሌባ አለ፣ ጎረቤት አለ። ከግንቡ ውስጠኛ ጎን አንድ ሜትር ስፋት ያለው የቁጥቋጦ መስመር መትከል ግን ይቻላል። ግንቡ ለግማሽ ቀን ጥላ ስለሚሰጠው ያ መስመር ከግቢው ሁሉ ዘግይቶ የሚደርቅ ቦታ ይሆናል።

ባሕር ዛፍ አበባው ሰንበርድ ይጠራል፣ ማገርና ማገዶም ይሆናል። ለትረሽ ግን ከአማራጮቹ ሁሉ የመጨረሻው ነው። ሥሩ የላይኛውን አፈር እርጥበት ይሻማል፤ ቅጠሉ ዘይት ስላለው ለመበስበስ ይዘገያል፤ ከሥሩ ትል የሚገኝበት አፈር አይኖርም። እንጨቱ ለሚያስፈልገው ሰው ከመኖሪያ ግቢው ራቅ ያለ መሬት ይፈልግለት።

የፈረንጅ ጥድ መካከለኛ ምርጫ ነው። ችግኙ በቀላሉ ይገኛል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ሲከረከም ጥቅጥቅ ስለሚል ጎጆ ይደበቅበታል። ማደሪያ ይሰጣል፣ እራት አይሰጥም። ቅንጭብ ደግሞ ኮምቦልቻ አካባቢ ያለ ውሃ ይጸድቃል፣ ከብትም አይደፍረውም፤ ሆኖም ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ስለሚጎዳ ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ አልመርጠውም።

የእኔ ምርጫ ለኮምቦልቻ አጋም፣ ለደሴ ኮሽም ነው።

አጋም ሙቀት ይወዳል፣ ድርቅ ይችላል፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን አያራግፍም። እሾሁ ፍየልንም ድመትንም ይመልሳል፤ ስለዚህ ጎጆ ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ቦታ ለማግኘት ይቸግራል። ነጭ አበባው ያውዳል፤ ፍሬው ከቀይ ወደ ጥቁር ሐምራዊ ሲለወጥ ልጆችና ወፎች ይሽቀዳደሙበታል። ደሴ ላይ ግን ብርዱ ስለሚከብደው እድገቱ ይንቀረፈፋል።

ኮሽም የደጋ ተክል ነው። እሾሁ ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ ከሽቦ ይልቅ አጥር ያስከብራል፤ ቢጫ ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ፍሬው ለሰው ይኮመጥጣል፣ ወፍ ግን በደስታ ይበላዋል። አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፦ ወንዴውና ሴቴው የተለያየ ተክል ላይ ነው። አንድ ብቻ ተክሎ ፍሬ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው፤ አምስት ስድስት አድርጎ በመስመር መትከል ይገባል። በመካከሉ ቀጋ ጣል ቢያደርጉበት ክፍተቱን እየተንጠላጠለ ይሞላዋል፣ ቀይ ፍሬውንም ይጨምራል።

የችግር ችግሩ ችግኙ ነው። ችግኝ ጣቢያዎች የሚያፈሉት በአብዛኛው ሰው የሚጠይቀውን ነው፤ አጋምና ኮሽም የሚጠይቅ ጥቂት ነው። መፍትሔው ፍሬው በሚበስልበት ጊዜ ከገጠር ዘመድ ወይም ከገበያ ጥቂት ማስመጣት፣ ዘሩን ከሥጋው አጥቦ ሳይደርቅ በፕላስቲክ ከረጢት አፈር ውስጥ መዝራት ነው። ችግኙ የሚወርደው ሐምሌ መጀመሪያ፣ መሬቱ በደንብ ከጠገበ በኋላ ነው።

ለፍትሐዊነት ያህል ጉዳቱንም ልናገር። አጋም የበላ ወፍ የሚጥለው ነገር ሐምራዊ ነው። የልብስ ማስጫው ገመድ ከአጥሩ አጠገብ ከሆነ ነጭ ነጠላ ላይ የሚያርፈው ነጠብጣብ ቤት ውስጥ ጠብ ያስነሳል። ገመዱን ማዛወር አጥሩን ከመንቀል ይቀላል።

አሁን ደግሞ የወፍ ቆሎ። ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ሰው በአበባው ማማር የሚተክለው፣ ያለ እንክብካቤ የሚያድገው፣ ዓመቱን ሙሉ ጥቋቁር ፍሬ የሚያፈራው ይህ ቁጥቋጦ ለወፍ ከሁሉ የበለጠ ምግብ የሚሰጥ ሊመስል ይችላል። አይትከሉት። መጤ ነው፤ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ሞቃታማ ክፍል ነው። ወፎቹ ዘሩን እየዋጡ ግጦሽና ኮረብታ ላይ ስለሚበትኑት በኮምቦልቻና በቃሉ ዙሪያ ያለው መሬት ችግሩን ያውቀዋል፤ ቅጠሉን የበላ ከብት ይመረዛል፣ በሥሩም ሣር በቀላሉ አይበቅልም። የወፏ መውደድ እዚህ ላይ ጥፋቱን ያፋጥነዋል። ግቢዎ ውስጥ ካለ በአንድ ቀን ጠራርገው ግቢውን ራቁቱን አያስቀሩት፤ ከአንድ ጫፍ እየነቀሉ በምትኩ አጋም እየተከሉ ይሂዱ፤ ነቅለው እስኪጨርሱም ፍሬ ሳይዝ አበባውን ይቁረጡት።

ቦታ ለተረፈው ሰው ወይራ ይጨመር። እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ ለልጅ የሚተከል ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን በየቁጥቋጦው ሥር ስለሚጥሉት እንደ የጎፍ ባሉ የተራራ ደኖች ወይራ የሚባዛበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ሾላና ዋርካ ለወፍ ድግስ ናቸው፤ ለ200 ካሬ ሜትር ግቢ ግን አይሆኑም፤ ሥራቸው መሠረት ያናጋል።

መጥረግ ወይስ መተው

ምንም ብር የማያስወጣው፣ ብዙ ጠብ የሚያስነሳው አማራጭ ይህ ነው። እኛ ዘንድ በጠዋት ተነሥቶ ግቢውን ጥርግ አድርጎ ውሃ መርጨት የጨዋ ቤት ምልክት ነው። ትረሽ ደግሞ የምትፈልገው ያልተጠረገ መሬት ነው። ከወደቀ ቅጠል በታች አፈሩ በበጋም ቢሆን እርጥበቱን ይይዛል፤ ጥንዚዛ፣ ቀንድ አውጣ፣ የመሬት ትል እዚያ ይከማቻል። ቅጠሉን ጠርጎ ማቃጠል ይህን ሁሉ አብሮ ማቃጠል ነው፤ ጭሱ ለጎረቤት መትረፉ ሳይቆጠር።

መካከለኛ መንገድ አለ። ከበሩ እስከ ሳሎኑ ያለው መተላለፊያ ይጠረግ፤ የተጠረገው ቅጠል ወደ አጥሩ ሥር ይገፋ። አንድ መዳፍ ያህል ውፍረት ካለው በቂ ነው። የጎመንና የድንች ልጣጭም እዚያው ላይ ቢጣል ይበሰብሳል። ጎመንና ሰላጣ የታጠበበት ውሃ እዚያው ይደፋ፤ የሳሙና እጣቢ ግን ወደዚያ አይጠጋ። መጀመሪያ ላይ ያነሳሁትን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰው ይህ ነው፤ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ውሃ

ሁለተኛው ምርጫዬ ውሃ ነው፤ በተለይ ለኮምቦልቻ። የሚያስፈልገው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጎድጓዳ ሳህን ብቻ ነው። የአበባ ማሰሮ ማስቀመጫ የሸክላ ሳህን ከተገኘ እሰየው፤ ካልሆነ አሮጌ ሳፋ ውስጥ ድንጋይ ደርድሮ ጥልቀቱን መቀነስ ይበቃል። የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ወፏ እግር መጣያ ስለሚያሳጣት ድንጋዩ ለዚያም ይረዳል።

ቦታው ላይ ሰው ይሳሳታል። ከቁጥቋጦ ሥር ከተቀመጠ ድመት ታደፍጥበታለች፤ ግቢው መሀል ከተቀመጠ ወፏ ጭልፊት ትፈራለች። ከቁጥቋጦው ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ማድረግ ሁለቱን ያስታርቃል። ደሴ ላይ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት በቀን አንድ ሁለት ብርጭቆ ትልቅ ወጪ አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ የሚያሳስበው ወባ ነው። የትንኝ እጭ ክንፍ ለማብቀል አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚፈልግ ውሃው በየሁለት ቀኑ ከተለወጠ ስጋት የለም። የሚደፋውን ውሃ የአጥሩ ሥር ላይ ያፍስሱት፤ ቅጠሉን ያርስልዎታል።

ምግብ ማስቀመጥ

ይህን ሦስተኛ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ስንዴና ማሽላ መበተን ድንቢጥና ዋኖስ ይሰበስባል፤ የትረሽ ምንቃር ጥሬ ለመፈልፈል አልተሠራም። ለእሷ የሚስማማው ለስላሳ ፍሬ ነው፦ የጠቆረ ሙዝ፣ የፓፓያ ጫፍ፣ የበሰለ ዘይቱን። አቮካዶ ግን ለወፍ መርዝ ስለሆነ አይሰጥ። ኮምቦልቻ ላይ እንዲህ ያለ ፍሬ በየቤቱ ይተርፋል፤ ደሴ ላይ ከገበያ መግዛት ከሆነ ግን ገንዘቡ የኮሽም ችግኝ ቢፈላበት ይሻላል።

የወጥ ትራፊ አይሰጥ። የሚገርመው በርበሬው ለወፍ ምንም አይደለም፤ ወፎች ማቃጠሉ አይሰማቸውም። የሚጎዳቸው ጨው ነው። እንጀራም ሆድ ይሞላል እንጂ ለጫጩት ማሳደጊያ አይሆንም። የተቀመጠው ፍሬ ሲመሽ ካልተነሳ አይጥ ይጠራል፤ አይጥ ሲመጣ የአይጥ መርዝ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለወፉም ለድመቱም አይበጅም።

ጎጆ

የእንጨት ጎጆ ሣጥን ለዚህች ወፍ አይሠራም። ትረሽ እንደ ብላክበርድ ሁሉ ቀዳዳ ውስጥ አትገባም፤ ቅርንጫፍ መንታ ላይ በሣርና በሥራሥር የጽዋ ቅርጽ ያለው ጎጆ ትሠራለች፣ ለዚህም ጭቃ ያስፈልጋታል። አናጺ ከመጥራት ይልቅ ከቧንቧው አጠገብ አንድ ክንድ የሚሆን ቦታ ጭቃ ሆኖ እንዲቆይ መተው ይጠቅማታል።

አጥር ከመከርከም በፊት ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጎ ማየት ግዴታ ነው። ጎጆ ካለ ያ ክፍል ጫጩቶቹ እስኪወጡ ይተው። መሬት ላይ ወርዶ የሚንፈራገጥ ላባ ያወጣ ጫጩት ካገኙ አያንሡት፤ የትረሽ ጫጩቶች በደንብ መብረር ከመቻላቸው በፊት ከጎጆ ይወጣሉ፣ እናትና አባቱም አቅራቢያው ሆነው ይመግቡታል። ድመት የምታሰጋ ከሆነ ወደ ቁጥቋጦው ውስጥ ብቻ ያስገቡት። የሰፈሩን ወንጭፍ የያዙ ልጆች ግን ጎጆውን ባያሳዩአቸው ይመረጣል።

መድኃኒትና ድመት

ጎመን ላይ የሚረጭ ፀረ ተባይ የወፏን ምግብ ይገድላል፤ የተመረዘውን ትል ከበላች እሷንም ይጎዳል። ለአምስት መደብ ጎመን በጠዋት ትሉን በእጅ መልቀም ይበቃል። ቀንድ አውጣውን ለእሷ ይተዉት። ድመቷ አይጥ ትይዛለችና አትቀርም፤ ወፎች መሬት ላይ በብዛት የሚመገቡበት ጎህ ሲቀድ እስከ ረፋድ ያለው ጊዜ ቤት ውስጥ ብትቆይ ግን ብዙ ነገር ይድናል።

ታዲያ ለእርስዎ የትኛው?

ደሴ ላይ የራስዎ ግቢ ካለዎት፦ ኮሽምና ቀጋ በግንቡ ጥግ፣ ቅጠል በሥሩ፣ ከተቻለ አንድ ወይራ። ውሃው ይከተላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ስለሚያሰጋ የዓመቱን ችግኝ ሥር በቅጠል መሸፈን አይርሱ።

ኮምቦልቻ ላይ ከሆኑ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። ውሃው ይቅደም፣ ዛሬውኑ መጀመር ይቻላልና፤ አጋሙ በሐምሌ ይተከል፤ የወፍ ቆሎው ቀስ በቀስ ይነቀል። ቦታ ካለ አንድ የዘይቱን ዛፍ ለቤተሰቡም ለወፏም ይተርፋል።

ተከራይ ከሆኑ መትከል የሚያዋጣ አይመስልም፤ አጥሩም የባለቤቱ ነው። የውሃ ሳህኑና የተጠረገውን ቅጠል ወደ ጥግ መግፋት ግን ማንንም አያስከፍልም። አከራይዎ የግቢ ንጽሕና ላይ ጥብቅ ከሆኑ ቅጠሉን «ለአትክልቱ ማዳበሪያ ነው» ብለው ያስረዷቸው፤ እውነትም ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ ለሚኖር ሰው ትረሽ አትሆንም። መሬት ላይ የምትመገብ ወፍ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የምትፈልገው ነገር የላትም። ለእዚያ በረንዳ ሁለት ማሰሮ እሬት ያስቀምጡ፤ አበባው ሲወጣ ሰንበርድ ይመጣል። ትረሿን ከፈለጉ የሕንፃው ጀርባ ላይ ያለውን የጋራ መሬት ጎረቤቶችዎን አስተባብረው ከአጥሩ ጋር አንድ መስመር ኮሽም ወይም አጋም ይትከሉበት፤ ጥበቃው ቅጠሉን እንዳያቃጥለውም አስቀድመው ይንገሩት።